ከልስኑ በታች ያለች ሻሸመኔ

የሻሸመኔ ስም ራሱ የቤት ስም ነው። በአፍ የሚነገረው ታሪክ እንደሚለው ሻሼ የምትባል ሴት በመንገዶች መገናኛ ላይ ቤት ነበራት። መንገደኛ እዚያ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያድራል። «መና» በኦሮምኛ ቤት ነው፤ ሻሼና መና ተጋጥመው የከተማ ስም ሆኑ። ሴትዮዋ በእርግጥ ኖራ ይሁን አይሁን ሌላ ክርክር ነው። ቤቱ ከምን እንደተሠራ ለመገመት ግን ማንም አይቸገርም። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ቤት ማለት እንጨት፣ ጭቃና ሣር ነው። ከተማዋ በጭቃ ግድግዳ ተሰይማለች ማለት ነው።

ዛሬ በሻሸመኔ ዋና መንገድ የሚያልፍ ሰው ጭቃ አያይም። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ወደ ሐዋሳና ሞያሌ፣ ወደ ባሌ፣ ወደ ወላይታና አርባ ምንጭ የሚበተነው ተጓዥ የሚያየው መስታወትና ብሎኬት ነው። ከአስፋልቱ ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ የገባ ግን ሌላዋን ሻሸመኔ ያገኛታል። የሲሚንቶ ልስኑ ሆዱ የተነፋ፣ ከወለሉ በላይ እስከ ጉልበት ድረስ የረገፈ፣ ከሥሩ ጭድና ማገር ብቅ ያለበት የሳሎን ግድግዳ። ባለቤቱ ለሠርግ ወይ ለበዓል ያስለስነዋል፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ይረግፋል፤ እንደገና ያስለስነዋል።

ልስኑ ሲረግፍ የሚወቀሰው ሲሚንቶው ነው። ወይ አሸዋው አፈር አለው ይባላል፣ ወይ ለሳኙ ሲሚንቶ ሰርቋል ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ አዲሱ ልስን ከመምጣቱ በፊት፣ አሮጌው ግድግዳ ሳይዘጋጅ በቀረበት ቀን ተሠርቶ አልቋል። ይህ የዝግጅት ሥራ እንዴት ጠፋ? ዱሮ አልነበረም ወይ? ነበር። የጠፋበትም ምክንያት ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሙያ ብቻ አይደለም።

ከጭቃው እንጀምር።

የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲሠራ ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ጭቃው ደግሞ ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይተዋል። አማርኛው ራሱ «ጭቃ ማቡካት» ይላል፣ እንደ ሊጥ። ጭዱ በስብሶ ከአፈሩ ጋር ሲዋሐድ ጭቃው ይጣበቃል፤ ሲደርቅም አይሰነጠቅም፣ ወይም ስንጥቁ ደቃቅ ይሆናል። ከዚያ ምርጊቱ ይመጣል። በአርሲና በአካባቢው ይህ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። አማራው ደቦ፣ ኦሮሞው ጂጊ በሚለው መረዳጃ ጎረቤቱ ተጠርቶ፣ ጠላው ተጠምቆ ወይ ቡናው ፈልቶ የሚሠራ ነበር። የውስጡን ማለስለስ፣ በእበትና በአመድ መለቅለቅ ደግሞ የሴቶች ሙያ ነው። ማንም በሙያነት ባይመዘግበውም የግድግዳውን ጤና በየጊዜው የምትከታተለው ልቅላቂውን የያዘችው ሴት ነበረች።

ያ ግድግዳ በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል። ዝናቡ ሲያባራ የተሰነጠቀው ይደፈናል፣ የላላው ይነሣል፣ አዲስ ጭቃ ይጨመራል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። አሮጌውና አዲሱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ዝግጅቱ ቀላል ነው። የላላውን መፋቅ፣ ደህናውን በውኃ ማራስ፣ ፊቱን መጫር፣ አዲሱን ማሳረፍ። እርጥበት ሲገባበት ሁለቱም አብረው ያብጣሉ፣ ፀሐይ ሲወጣ አብረው ይኮማተራሉ። በማሊ የጄኔ ከተማ ታላቁ የጭቃ መስጊድ በየዓመቱ በሕዝብ ዘመቻ የሚለሰነው በዚሁ ሕግ ነው። ግን እዚያም ቢሆን ሳያነሡ መጨመር ዋጋ አለው። ባለፉት አሥርት ዓመታት በተደረገው ትልቅ እድሳት ባለሙያዎቹ ካከናወኑት ዋና ሥራ አንዱ ለዘመናት የተቆለለውን ትርፍ ጭቃ አንስቶ ሕንፃውን ከሸክም ማቅለል ነበር።

ኖራ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሻሸመኔን ብዙም አይነካትም፤ የሰሜኑ ታሪክ ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጣና ዙሪያ ለግንብ መዋል እንደጀመረ የኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች ጽፈዋል። የኖራውን ድንጋይ ያሳየው ከህንድ የመጣ ሰው ነው ይላሉ። የጎንደር ግንቦች በዚያ ኖራ ቆሙ። ለሻሸመኔ የሚጠቅመው የታሪኩ ክፍል በኋላ የመጣው ነው። በ1930ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ጣሊያኖች ጎንደርን ሲይዙ ግንቦቹን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠገኑ። ከሠላሳና አርባ ዓመት በኋላ የመጡት የጥበቃ ባለሙያዎች ያንን ሥራ ስሕተት ብለው ወደ ኖራ መለሱት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ከአሮጌው ድንጋይ ጋር ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ነው፤ ውኃውን ከጀርባው ያፍናል። ለነገሥታቱ ግንብ የታረመው ስሕተት ለተራው ሰው ሳሎን ሳይታረም ቀረ።

ያው ጣሊያን ሻሸመኔም ደርሶ ነበር። እስከ ግንቦት 1933 ዓ.ም. ድረስ ቆይቶ በአጋር ኃይሎች ጦር ተባረረ። ጦሩ ወጣ፤ ቃሎቹ ቀሩ። ሲሚንቶ፣ ጀሶ፣ ኮርኒስ፣ ፌሮ፣ ፍራታሶ፤ ለሳኙ በእጁ የሚይዘው ማለስለሻ ሳይቀር የጣሊያን ስም አለው። ለማወዳደር የአገሩን ቃል ያዙ፤ መረገ፣ ለቀለቀ፣ አቦካ፣ ለሰነ። የአገሩ ቃላት በአብዛኛው ግሥ ናቸው፣ ሰው የሚያደርገውን ይናገራሉ። የመጡት ቃላት ስም ናቸው፣ የሚገዛውን ዕቃ ይናገራሉ። ከቋንቋ ብዙ መደምደም አደገኛ ነው፤ ይህኛው ግን አጋጣሚ ብቻ አይመስልም። የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በዚያው ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ ተተከለ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ምጽዋ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ሙገር ተከተሉ። ሲሚንቶ ከተማ ለከተማ ሲዳረስ «የተለሰነ ቤት» የደረጃ ስም ሆነ። የጭቃ ቤት ያለው ሰው ቤቱን አፍርሶ ብሎኬት መሥራት ባይችል እንኳ ፊቱን ሲሚንቶ ማልበስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ «ጭቃ ቤት» አይለውም።

ሲሚንቶው ግን የጭቃውን የዝግጅት ሥርዓት ይዞ አልመጣም። የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ያም ለድንጋይና ለብሎኬት የተበጀ ነው።

በዚህ መሐል 1967 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት 25 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ገባ። በሻሸመኔ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ንጉሡ ለጥቁር ሕዝብ የሰጡት አምስት ጋሻ አብዛኛው መወሰዱን ነው። ለጃማይካ ሰፈር ነዋሪዎች ትልቅ ቁስል ነበርና ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል። ስለ ኪራይ ቤቶቹ ግድግዳ ግን የጻፈ የለም ማለት ይቻላል።

አዋጅ ቁጥር 47 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የተከራዩም ኪራይ እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰለት። ለድሃው ተከራይ ይህ እፎይታ ነበር፤ ማንም ሊክደው አይገባም። በቤት ኪራይ ሲጨነቅ የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት ግማሹ ሲቀርለት የተሰማውን ደስታ ዛሬ ላይ ሆኖ ማጣጣል ቀላል ነው። ነገር ግን አዋጁ ያልመለሰው ጥያቄ ነበር፤ ግድግዳውን ማን ያድሳል?

ባለቤቱ ተነሥቷል። ቀበሌው ባለቤት ነው፤ የሚሰበስበው ኪራይ ግን ለጣሪያ ቆርቆሮም አይበቃም፣ ያም ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ከቦታው አልተነቃነቀም። ተከራዩ ይኖርበታል፤ የሱ ግን አይደለም። ቋሚውን ቢቀይር፣ መሠረቱን ቢያጠናክር፣ ነገ ውጣ ቢባል ያወጣውን የሚመልስለት የለም። መዋቅሩን ለመንካት ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ስለ ቤቱ ሌላ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ የማይጠይቀውን ሠራ። ሸፈነ።

መጀመሪያ በጋዜጣ። በአገሪቱ ብዙ የጭቃ ቤቶች ውስጥ እንደሆነው ሁሉ አዲስ ዘመንና መጽሔት በዱቄት ሙጫ ተለጠፈ። ከዚያ ከታች እስከ ወገብ ድረስ በዘይት ቀለም ተቀባ፤ እንዲታጠብ ተብሎ። ከዚያ ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ ስስ ሲሚንቶ ተለሰነ፤ በጋዜጣውም፣ በቀለሙም፣ በጥቀርሻውም ላይ። የአንዳንድ ቤት ግድግዳ ዛሬ ሲፈረፈር እንደ መዝገብ ይነበባል። ላይ ላዩ የቅርቡ ሲሚንቶ፣ ከሥሩ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከሥሩ የደርግ ዘመን ርእሰ አንቀጽ፣ ከሁሉም በታች የአንድ ዘመን የጂጊ ጭቃ፣ የማያውቋቸው ሰዎች የጣት አሻራ እንዳለበት።

ይህ የስንፍና ታሪክ አይደለም። ነገ የኔ ይሁን አይሁን በማይታወቅ ግድግዳ ላይ ገንዘብ የሚጥል ሰው ቢኖር ነበር የሚገርመው። ከ1983 በኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ የቀበሌ ቤት ግን የቀበሌ ቤት ሆኖ ቀረ። በ1987 ቆጠራ 52 ሺህ ገደማ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1999 ቆጠራ ከ100 ሺህ በላይ ሆነ። ሰው በእጥፍ ጨመረ፤ አሮጌዎቹ ክፍሎች በመጋረጃና በኮምፖርሳቶ ተከፋፈሉ። ቀድሞ ጓዳ የነበረው ክፍል የቤተሰብ ቤት ሆነ። በውስጡ ከሰል ይነድዳል፣ ወጥ ይሠራል፣ ልብስ ይታጠባል። ግድግዳው እንፋሎቱንና ቅባቱን ይጠጣል።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሳኝ ተጠርቶ ሲመጣ ፊቱ ያለው ግድግዳ ምን ይፈልጋል?

ከሁሉ በፊት የውኃውን ምንጭ። ከጣሪያ ይፈስሳል? ከጎረቤት ቤት ያንጠባጥባል? ወይስ ከውጭ ያለው መሬት ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ክረምቱ ወደ ውስጥ ይጠባል? በሻሸመኔ የአሮጌ ሰፈሮች መንገድ በየጊዜው ጠጠር እየተደፋበት ከፍ ብሏል፤ ቤቱ ባለበት ቀርቷል። ውኃው ካልቆመ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ሲሚንቶው እርጥበቱን አያቆመውም፤ ከጀርባው ያቆየዋል። ጭቃው ከውስጥ ይሟሟል፣ ቋሚው ይበሰብሳል፣ ምስጡ በጨለማ ይሠራል፤ ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ነጭና ልስልስ ነው። በምስጥ የተበላ ባሕር ዛፍ በልስን ተሸፍኖ ጣሪያ ተሸክሞ መቆም ይችላል፣ አንድ ቀን እስኪያቅተው።

ከዚያ ማንኳኳት። ደህናው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የለቀቀው እንደ ቅል ባዶ ይጮሃል። የጮኸው ሁሉ መነሣት አለበት፤ «ይሄኛው ደህና ይመስላል» ብሎ መተው ነው በሁለተኛው ክረምት የሚያስከፍለው። የዘይት ቀለምና ጥቀርሻ ያለበት ፊት ምንም አይዝም፤ ፊቱ መወቀር አለበት። የድሮ እናቶች የደለዘ ወፍጮ በመዋቀሪያ ካልተወቀረ እህል እንደማይዝ ያውቁ ነበር። ግድግዳም እንደዚያው ነው። ጭቃው ላይ ሲሚንቶ የግድ ከሆነ በምስማር የተያዘ ወንፊት ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ያ ሲሆን ልስኑ የሚንጠለጠለው ከሽቦው ነው እንጂ ከጭቃው አይደለም። ውኃ ማርከፍከፉም ልክ አለው። ደረቅ ግድግዳ የሲሚንቶውን ውኃ ጠጥቶ ልስኑን ዱቄት ያደርገዋል፤ የሰከረ ጭቃ ደግሞ ራሱ ይናዳል። ይህን ልክ በእጁ የሚያውቅ ለሳኝ አለ፤ ጊዜ ቢሰጠው።

የሚገርመው የዚህ ሥርዓት ጥንታዊ ሰነድ አብዛኛው አንባቢ ቤት ውስጥ መኖሩ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ቤት ደዌ ይናገራል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ ይደረጋል። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይ ቀይ፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነገር መኖሩ ይታያል። ከዚያ ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል። ተመልሶ ሲታይ ከተስፋፋ የተያዙት ድንጋዮች ይወጣሉ፣ የውስጡ ግድግዳ ዙሪያውን ይፋቃል፣ የተፋቀው አፈር ከከተማ ውጭ ይደፋል፤ ሌላ ድንጋይ፣ ሌላ ጭቃ ይመጣል። ደዌው ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። የሃይማኖቱን ትርጉም ለሊቃውንቱ እንተወውና የሥራ ቅደም ተከተሉን ብቻ እንይ። ባዶ ማድረግ፣ መመርመር፣ መጠበቅ፣ መፋቅ፣ ማራቅ፤ ልስን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በሻሸመኔ ዛሬ የሚቀረው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ሰባት ቀን የሚጠብቅ ማን አለ?

በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት፣ ሻሸመኔ ውስጥ ሰዎች ተገደሉ፤ ሆቴሎች፣ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች ተቃጠሉ። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተብሏል፣ ገና ብዙ ይባላል። ስለ ግድግዳው ግን መባል ያለበት አልተባለም። የተቃጠለ ግድግዳ ከሌላው አሮጌ ግድግዳ ይለያል። ሙቀቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ሲሚንቶውን አጣብቆ የያዘው ነገር መፍረስ ይጀምራል፤ በ600 ዲግሪ አካባቢ ፌሮ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል። ከስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራው ቀላል ብሎኬት ቆሞ ሊቀር ይችላል፤ ያገናኘው ሲሚንቶ ግን ዱቄት ሆኖ ይሆናል። ጥቀርሻው ደግሞ በቀለም ላይ ቀለም ቢቀባ ቢጫ ሆኖ መልሶ ይወጣል።

እንዲህ ያለውን ሕንፃ ከመለሰን በፊት መሐንዲስ ምሰሶውን መመርመር አለበት። ልስኑ እስከ ብሎኬቱ ተነሥቶ፣ ኮንክሪቱ ተንኳኩቶ፣ የላላው ወጥቶ፣ ፌሮው ታይቶ። ይህን ማድረግ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ንብረቱ ለወደመበት፣ ካሳ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ጊዜውም ገንዘቡም የለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው ሲሰቀል ነገሩ ባሰ። ሱቁን በቶሎ መክፈት ያለበት ነጋዴ በተቃጠለው ላይ ቢያስለስን ማን ይፈርድበታል? የሚጠየቅ ካለ ያለ ምርመራ እንዲከፈት ዝም ያለው አካል ነው። የተለሰነ ጉዳት ከተማ ዕቅድ ውስጥ አይታይም፣ ለሚቀጥለው ተከራይም አይነገረውም።

የገንዘቡ ነገር የዚህ ሁሉ ማሰሪያ ስለሆነ ትንሽ ይቆይበት። ለሳኝ ዛሬ የሚከፈለው በካሬ ነው። የለሰነው ስፋት ይለካል፣ በዋጋው ይባዛል፣ አለቀ። በዚህ ስሌት ውስጥ መፋቅ የለም። ግድግዳውን ሁለት ቀን ያንኳኳና የወቀረ ለሳኝ ሁለት ቀን በነፃ ሠራ፤ ሳይፋቅ የለሰነው ግን በዚያው ሁለት ቀን ሌላ ቤት ጨረሰ። በጂጊ ዘመን ይህ ችግር አልነበረም፤ የሚለካ ካሬ አልነበረማ። አሠሪዎችም ስለ ሲሚንቶው ማርካ ይከራከራሉ እንጂ «አሮጌውን ለማንሣት ስንት ትጠይቃለህ?» የሚል ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ ለብቻው አንሥቶ ለብቻው የሚከፍል አሠሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ድጋሚ ሲሚንቶ አይገዛም።

መፋቁ ራሱ ጥንቃቄ አለው፤ ይህን ደግሞ በተለይ ልጅ ያለው ቤት ይስማ። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። በደረቁ ሲፋቅ አቧራው ይበናል፣ ሕፃን ይተነፍሰዋል፣ ወለል ላይ የወደቀውን በእጁ ወደ አፉ ይወስዳል። የእርሳስ ጉዳት የሚደርሰው አእምሮ ላይ ነው፤ የደረሰውም አይመለስም። ስለዚህ ቀለሙ ርሶ ይፋቃል፣ ልጆች ከቤት ይርቃሉ፣ ፍርፋሪው በጆንያ ታስሮ ይወጣል እንጂ ጓሮ ጎመኑ ላይ አይደፋም።

አሁን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የደረሰው የኮሪደር ልማት የመንገድ ዳር ሕንፃዎችን ፊት እያስዋበ ነው። የውጭው ፊት ሲቀባ በጀት አለው፣ ኮሚቴ አለው፣ ፎቶ አለው። ከዚያ ፊት ጀርባ ያለው የቀበሌ ክፍል ግን አሁንም በ1967 የተጠየቀውን ጥያቄ እንደያዘ ነው። ተከራዩ ለመጪው በዓል ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ገዝቷል፤ ለሳኙ ነገ ይመጣል፤ ከአልጋው ጀርባ ያለው ግድግዳ እንደ ቅል ይጮሃል።